ባቡር የተቀረጸበት ሁሉ የባቡር ሰዓት አይደለም፦ የድሮ የአሜሪካ ባቡር ሰዓትን ማንነትና ዕድሜ ማወቂያ መንገድ

መጀመሪያ የገዛሁት የኪስ ሰዓት ጀርባው ላይ ባቡር ተቀርጾበት ነበር። ጭሱ ሳይቀር ይታያል። ሻጩ ኢንተርኔት ላይ «እውነተኛ የባቡር ሰዓት» ብሎ ነው ያወጣው። እኔም አመንኩ። በፖስታ የደረሰኝ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እያገላበጥኩ ሳየው ነጋ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ነው። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ያኔ የምንከባከባቸው አባት 88 ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰዓቱን ተቀብለው ጀርባውን ከፈቱ። አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ ማጉያ መነጽራቸውን አቀበሉኝና «አንተው እየው» አሉኝ። ውስጡ የፋብሪካ ስም የለም። የከተማ ስምም የለም። «23 ጁውል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጁውል ማለት የማሽኑ ዘንጎች የሚሽከረከሩባቸው ትናንሽ ድንጋዮች ናቸው። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ግን የድንጋዮቹ ብዛት ለዚያ አይጠጋም። ለባቡረኛ ተብሎ ሳይሆን ባቡር ለሚወድ ገዢ ተብሎ የተሠራ ርካሽ ሰዓት ነበር።

ሽማግሌው ተነስተው ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የሱፍ ካልሲ አወጡ። ውስጡ ሁለት ሰዓት አለ። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የአባታቸው። አባታቸውም ባቡረኛ ነበሩ። ሁለቱም ሰዓቶች ላይ የባቡር ሥዕል የሚባል ነገር የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒታቸውን ከሰጠኋቸው በኋላ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ እናነጥፍና ሰዓት እንከፍታለን። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰዓት ላይ የሞከርኩትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የባቡር ሰዓት የሚባለው የቱ ነው?

ኤፕሪል 18 ቀን 1891 ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ኪፕተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተላተሙ። አንዱ ፈጣን የፖስታ ባቡር ነበር። በሰፊው የሚነገረው ታሪክ የአንዱ ሠራተኛ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ቆሞ መልሶ መሥራት ጀመረ የሚል ነው። ሰውየው መዘግየቱን አላወቀም። በአንድ ሐዲድ ላይ በሁለት አቅጣጫ ባቡር በሚሄድበት ዘመን አራት ደቂቃ የሰው ነፍስ ነበረች። የሌክ ሾር እና ሚቺጋን ሳውዘርን ባቡር ኩባንያ ዌብ ሲ. ቦል የተባለውን የክሊቭላንድ ሰዓት ነጋዴ ጠርቶ የሠራተኞቹን ሰዓት እንዲቆጣጠር አደረገው። ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ። የሠራተኛው ሰዓት በየጊዜው በተቆጣጣሪ ፊት ቀርቦ ይነጻጸራል፣ ስህተቱ ካርድ ላይ ይመዘገባል።

ደንቡ ከዓመት ዓመት እየጠበቀ ሄደ። በ1908 አካባቢ የነበረውን መልክ ካወቃችሁ ሌላው ይቀላል። ሰዓቱ ክዳን የሌለው፣ ገጹ ሁልጊዜ የሚታይ መሆን አለበት። መሙያው፣ ማለትም ሰዓቱ የሚጠመዘዝበት ጉብታ፣ ቁጥር 12 ራስ ላይ ይሆናል። መጠኑ በሰዓት ሠሪዎች መለኪያ 16 ወይም 18 ነው። ቢያንስ 17 ጁውል ይኖረዋል። ቢያንስ በአምስት አቀማመጥ ተፈትኖ የተስተካከለ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ የማያዛባው ይሆናል። በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ መቅደምም መዘግየትም አይፈቀድለትም። ቁጥሮቹ ደማቅና ጥቁር፣ እኛ በየቀኑ የምንጽፋቸው ዓይነት አኃዞች ናቸው፤ የሮማ ቁጥር አይሆንም። ጠቋሚዎቹ የሚስተካከሉትም መሙያውን በመሳብ ሳይሆን ከውስጥ በምትወጣ ትንሽ የብረት ምላስ ነው። ይህቺ ምላስ የተፈለገችበት ምክንያት ግልጽ ነው። መሙያው ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ ተስቦ ጠቋሚዎቹ እንዳይዛወሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እያንዳንዱ ባቡር ኩባንያ የራሱ ደንብና የተፈቀዱ ሰዓቶች ዝርዝር ነበረው። ከደንቡ በፊት ደግሞ ባቡረኞች ባለ 15 ጁውል ሰዓትም፣ በቁልፍ የሚሞላ ሰዓትም ይይዙ ነበር። ስለዚህ «የባቡር ደረጃ ያለው» እና «ባቡር ላይ ያገለገለ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ሰዓቱ ራሱ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን ለማወቅ የሰው ምስክርነት ወይም ወረቀት ያስፈልጋል።

ሳትሰብሩ መክፈት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰዓት መቶ ዓመት ኖሮ የሚጎዳው በዚህች አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ። መጀመሪያ የቀፎውን፣ ማለትም ማሽኑን የያዘውን የውጭ ሽፋን፣ ዙሪያ በማጉያ መነጽር እዩ። ማጠፊያ ካለው በፍጹም አታዙሩት። ከማጠፊያው ትይዩ ጥፍር የምታስገባ ትንሽ ከንፈር ታገኛላችሁ፤ እሷን ይዛችሁ በቀስታ ነው የሚከፈተው። ቢላዋ አትጠቀሙ። አንሸራቶ ቀፎውን ይቧጭራል፣ ካልታደላችሁም ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። ማጠፊያ ከሌለው ብዙውን ጊዜ በጥርስ የሚፈታ ነው። በመዳፋችሁ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ተጫኑትና እንደ ማሰሮ ክዳን ወደ ግራ አዙሩ። አልያዝ ካላችሁ የላስቲክ ጓንት አድርጉ። እኔ ሁልጊዜ የሥራ ጓንቴን ነው የምጠቀመው፤ ይይዛል፣ የእጅ ላብም ብረቱን አይነካውም።

ጀርባው የማይከፈት ቀፎም አለ። የፊቱን መስታወት ስትፈቱ ማሽኑ ከ12 ቁጥር በኩል ባለ ማጠፊያ እንደ በር ይወጣል። እሱን ከማውጣታችሁ በፊት መሙያው ወደ ላይ መሳብ አለበት። ካልተሳበ አታስገድዱት።

ጠቋሚዎቹን ማስተካከል ከፈለጋችሁ የፊቱን መስታወት ፍቱ። ከገጹ ጠርዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር 1 እና 2 አካባቢ፣ የምላሷን ጫፍ ታያላችሁ። በጥፍር ወደ ውጭ ሳቧት፣ መሙያውን አዙሩ፣ መልሳችሁ ግፏት። መስታወቱን ከመግጠማችሁ በፊት መመለሷን ደግማችሁ እዩ። ምላሷ ወጥታ መስታወቱን በጉልበት የገጠመ ሰው ገጹን ሰንጥቆ ነው የሚነሳው። ገጹ መዳብ ላይ የተጋገረ ኢናሜል ስለሆነ እንደ ስኒ ነው፤ አንዴ ከተሰነጠቀ አይመለስም።

ማሽኑን ማንበብ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። የሰዓቱ መታወቂያ ማሽኑ ነው። ቀፎ ይቀያየራል፣ ገጽም ይቀያየራል። በዚያ ዘመን ሰዓት ቤት ሄዶ ማሽኑን ለብቻ፣ ቀፎውን ለብቻ መርጦ ማስገጠም የተለመደ ነበር። ቀፎ የሚሠሩትም አብዛኞቹ ሌሎች ፋብሪካዎች ናቸው። ስለዚህ ቀፎው ላይ ያለው ቁጥር የቀፎው ነው። ቀፎው ላይ ያለውን ቁጥር ወስዶ የሰዓቱን ዕድሜ የሚፈልግ ሰው የተሳሳተ መልስ ያገኛል። በየጊዜው የሚጽፉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ማሽኑ ላይ መጀመሪያ የፋብሪካውንና የከተማውን ስም ፈልጉ። ዋልተም ከሆነ ማሳቹሴትስ፣ ኤልጂን ከሆነ ኢሊኖይ፣ ሃሚልተን ከሆነ ላንካስተር ፔንሲልቬኒያ፣ ኢሊኖይ የሚባለው ፋብሪካ ከሆነ ስፕሪንግፊልድ፣ ሃምፕደን ከሆነ ካንተን ኦሃዮ ይላል። የሃምፕደን ነገር ሁሌም ይገርመኛል። በ1930 ማሽነሪዎቹ ለሶቪየት ኅብረት ተሸጠው የሞስኮ የመጀመሪያ ሰዓት ፋብሪካ የቆመው በእነሱ ነው። «ቦል» የሚል ካያችሁ ደግሞ ያ ዌብ ሲ. ቦል ነው። እሱ የራሱ የማሽን ፋብሪካ አልነበረውም፤ ሃሚልተንን፣ ዋልተምንና ሌሎችን እያሠራ በስሙ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የቦል ሰዓት ሲገጥማችሁ ማን እንደሠራው ካላወቃችሁ ቁጥሩን የትኛው ሠንጠረዥ ላይ እንደምትፈልጉ አታውቁም።

አንዳንዱ ማሽን ላይ የምታገኙት የፋብሪካ ስም ሳይሆን የአንድ ሰዓት ነጋዴና የከተማው ስም ነው። ይህም አስመስሎ የተሠራ አይደለም። ነጋዴዎች ለፋብሪካው ከፍለው ስማቸውን ያስጽፉ ነበር። የማሽኑን ቅርጽ ከታወቀ ማሽን ፎቶ ጋር አስተያይታችሁ ሠሪውን ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ስሙን ወይም የደረጃ ቁጥሩን አንብቡ። ሃሚልተን በቁጥር ይጠራል፦ 940፣ 950፣ 992። ዋልተም በስም ነው፦ ቫንጋርድ፣ ክሬሰንት ስትሪት። ኢሊኖይ ፋብሪካ «ባን ስፔሻል» አለው። ኤልጂን «ቬሪታስ»፣ «ፋዘር ታይም» እና «ቢ. ደብሊው. ሬይመንድ» አሉት። ሬይመንድ የኩባንያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነው። ፋብሪካው በ1867 ያወጣው የመጀመሪያ ሰዓት በእሱ ስም ነበር፣ ሴሪያል ቁጥሩም 101። ስሙ ከዚያ በኋላ ለአስርት ዓመታት በተለያዩ ማሽኖች ላይ ቀጥሏል። ስለዚህ «ሬይመንድ ነው» ማለት ብቻውን ዕድሜ አይነግርም።

ዋልተም ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሞዴሎቹ የሚጠሩት መጀመሪያ በወጡበት ዓመት ነው። «ሞዴል 1892» ሲባል ሰዓቱ በ1892 ተሠራ ማለት አይደለም። ያ ሞዴል ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ተመርቷል። የፈጠራ መብት ዓመትም እንደዚሁ ነው። ማሽን ወይም ቀፎ ላይ የተጻፈ የፈጠራ መብት ቀን የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ጁውል የሚባሉት የዘንጎቹ ጫፍ የሚሽከረከርባቸው ቀያይ የሩቢ ድንጋዮች ናቸው። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ነው ሥራቸው። ጥሩ ማሽን ላይ ብዛታቸው ተጽፏል፦ 17፣ 19፣ 21፣ 23። የተጻፈውን ብቻ አትመኑ፤ ቁጠሩ። ሁሉም ከላይ አይታዩም፤ ገሚሶቹ ከገጹ በኩል ናቸው። ግን 21 ተብሎ የተጻፈበት ማሽን ላይ ሦስት ድንጋይ ብቻ ካያችሁ አንድ ችግር አለ ማለት ነው።

«አድጀስትድ» የሚል ቃልም ፈልጉ። ከጎኑ 5 ወይም 6 አቀማመጥ የሚል ካለ ደስ ይበላችሁ። አምስቱ አቀማመጦች ገጹ ወደ ላይ፣ ገጹ ወደ ታች፣ መሙያው ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ናቸው። ፋብሪካው ሰዓቱን በእያንዳንዱ አስቀምጦ አካሄዱን ይለካ ነበር። ኪስ ውስጥ ሰዓት በሁሉም በኩል ይዞራልና። በቆዩት ማሽኖች ላይ ግን ቁጥር ሳይጨመር «አድጀስትድ» ብቻ ሊል ይችላል።

ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዘዋን ጎማ ደግሞ በደንብ እይዋት። እኔ በጣም የምወዳት ክፍል ናት። በቆዩት ጥሩ ሰዓቶች ላይ ጠርዟ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። በማጉያ ሲታይ ከውጭ ቢጫ ነሐስ፣ ከውስጥ ብረት፣ አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው። ሙቀት ሲጨምር ነሐሱ ከብረቱ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ያኔ የጠርዞቹ ጫፎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ጎማዋ ስትሰበሰብ ትፈጥናለች። በሙቀት የላላውን ሞላ በዚያ ታካክሰዋለች። በ1930ዎቹ ሃሚልተን «ኤሊንቫር» የሚባል ሙቀት የማያላላው ቅይጥ ብረት ለሞላው መጠቀም ጀመረ። ቅይጡን የፈለሰፈው ቻርልስ ኤድዋርድ ጊዮም ነው፤ በ1920 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ ሳይንቲስት። ስለዚህ ሃሚልተን ላይ ያልተቆረጠ ሙሉ ጎማ ወይም «ኤሊንቫር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የቆየው ትውልድ አይደለም።

መጠኑን ለማወቅ ካሊፐር ይበቃል። የፊቱን መስታወት ፈትታችሁ የገጹን ወርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። የሚለካው ቀፎው አይደለም። ወደ 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ መጠን 18፣ ወደ 43 ከሆነ መጠን 16 ነው። 40 አካባቢ ከመጣ መጠን 12 ነው፤ ያ የሙሉ ልብስ ሰዓት እንጂ የባቡር አይደለም። መጠን 18 ወፍራምና ከባድ የቀድሞዎቹ ነው። ከ1900 ወዲህ ቀጠን ያለው 16 ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ።

ሴሪያል ቁጥሩ

ማሽኑ ላይ የተቆፈረውን ረጅም ቁጥር ጻፉት። ሁለቴ አንብቡት፤ 3 እና 8 በድሮ ፊደል ይመሳሰላሉ። ፎቶ አንስቶ ማጉላት ከሁሉ ይሻላል።

ቁጥሩ ያለ ፋብሪካው ስም ዋጋ የለውም። ለምሳሌ 1 ሚሊዮንኛውን እንውሰድ። ዋልተም እዚያ የደረሰው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤልጂን በ1880ዎቹ መጀመሪያ። ሃሚልተን በ1892 የተቋቋመ ስለሆነ እዚያ ለመድረስ እስከ 1910ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ወስዶበታል። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ የሰላሳ ዓመት ልዩነት። ኤልጂንና ዋልተም 10 ሚሊዮንን በ1900ዎቹ መጀመሪያ አልፈዋል። ሃሚልተን ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ደርሶ አያውቅም። «ሃሚልተን፣ 18 ሚሊዮን ምናምን» ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ካለ የቀፎውን ቁጥር ነው ያነበበው ብዬ እመልሳለሁ።

የየፋብሪካው የቁጥር ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ቁጥሩን ስታስገቡ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ደረጃውን፣ መጠኑንና የጁውሉን ብዛት የሚነግሩም አሉ። ይህ ለኤልጂን በጣም ይጠቅማል፤ ብዙ የኤልጂን ማሽን ላይ የደረጃው ቁጥር አልተጻፈምና። የምታገኙትን ከማሽኑ ጋር አመሳክሩ። ሠንጠረዡ 17 ጁውል እያለ ማሽናችሁ 21 የሚል ከሆነ ቁጥሩን አሳስታችኋል ወይም ክፍሎቹ ተቀያይረዋል።

ዓመቱን «አካባቢ» እያላችሁ ተናገሩ። ፋብሪካዎቹ ቁጥሮችን በጥቅል ይመድቡ ነበር። አንዱ ጥቅል ቶሎ ያልቃል፣ ሌላው ይቆያል። ማሽኑ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ቆይቶ የተሸጠም አለ።

ሃሚልተን ላይ ቁጥሩ ከፊደል ከጀመረ ሌላ ነገር ነው። ከ«ሲ» ከጀመረ 992ቢ ነው፤ ከ1940 ጀምሮ እስከ 1969 የተሠራ። «ኤስ» ከሆነ 950ቢ ነው። እነዚህ ከታላላቆቹ የአሜሪካ የባቡር ኪስ ሰዓቶች የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ቀፎውና ገጹ ምን ያህል ይታመናሉ?

እንደ ረዳት ምስክር እንጂ እንደ ዋና አይደለም። ቢሆንም አንዳንዴ ቁልፉ ነገር እነሱ ጋ ይገኛል።

የጀርባው ክዳን ውስጥ «14 ካራት» ከሚለው ጋር «20 ዓመት» ወይም «25 ዓመት» ዋስትና የሚል ካያችሁ ቀፎው ወርቅ ለበስ ነው። ሙሉ ወርቅ ዋስትና አያስፈልገውም። ዓመቱ የሚነግረው ወርቁ ተልጦ ውስጡ እስኪታይ ስንት ዘመን እንደሚቆይ ነው። ይህ የዓመት ዋስትና አጻጻፍ በ1924 አካባቢ ቀርቷል። ስለዚህ «25 ዓመት» የሚል ቀፎ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው ብላችሁ መነሳት ትችላላችሁ። «ሲልቨሮይድ»፣ «ሲልቨሪን» የሚሉት ስሞች ደግሞ ብር ቢመስሉም ብር የለባቸውም፤ የኒኬል ቅይጥ ናቸው። ለዘይትና ለከሰል ሥራ ግን ጠንካራና የማይከፋ ቀፎ ነበር።

ማሽኑን ከቀፎው ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች ፈልጉ። የብሎኖቹ ራስ ቀፎው ላይ ጭረት ትቶ ይገኛል። ጭረቱ ብሎኖቹ ካሉበት ሌላ ቦታም ካለ፣ ያ ቀፎ በፊት ሌላ ማሽን ይዞ ነበር።

ገጹ ላይ ትንሿ የሰከንድ ክብ የት እንዳለች እዩ። መሙያው 12 ላይ ሆኖ ሰከንዷ 6 ላይ ከሆነች ትክክል ነው። መሙያው በ3 በኩል ከመጣ ማሽኑ ባለ ክዳን ቀፎ ውስጥ እንዲገባ የተሠራ ነው፤ በኋላ ሰው ነው ያዛወረው። ከ1 እስከ 60 ደቂቃው ሁሉ በቁጥር የተጻፈበት ገጽ ካገኛችሁ ደግሞ «ሞንትጎመሪ» ይባላል። ሄንሪ ኤስ. ሞንትጎመሪ የሳንታ ፌ ባቡር የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር። ባቡር ነጂ በጨለማ፣ በሚንቀጠቀጥ ሞተር ላይ ሆኖ ደቂቃውን ሳያሰላ እንዲያነብ ብሎ ያሰበው ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ያማረ የሰዓት ገጽ አላየሁም።

ሁለቱ የካልሲ ሰዓቶች

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ሰዓቶች ልመለስ። ይህን ሁሉ የተፈተንኩት በእነሱ ነውና።

የእሳቸው ቀላል ነበር። ሃሚልተን 992ቢ፣ ቁጥሩ ከ«ሲ» ይጀምራል፣ ጎማዋ ያልተቆረጠች፣ ቀፎው ወርቅ ለበስ ሆኖ የዓመት ዋስትና የለውም። እሳቸውም ሥራ በጀመሩበት በ1946 እንደገዙት ያስታውሳሉ። ሁሉም ይገጥማል።

የአባታቸው ነው ያስቸገረን። በቤተሰቡ የሚነገረው አባትየው በ1901 ባቡር ላይ ሲቀጠሩ በዚያው ሳምንት ይህን ሰዓት ገዙ የሚል ነው። ሽማግሌው ሲያድጉም ሲያረጁም የሰሙት ይህንን ነው። ከፈትኩት። ሃሚልተን፣ ላንካስተር ፔንሲልቬኒያ። 992፣ ከኋላው ፊደል የለም። 21 ጁውል፣ አምስት አቀማመጥ። ጎማዋ ሁለት ቦታ የተቆረጠች። ገጹ ሞንትጎመሪ። ቀፎው ውስጥ «25 ዓመት»። ከእሱ በታች፣ ብርሃን አጋድሜ ካልያዝኩ የማይታይ፣ በመርፌ የተጫረ ጽሑፍ አለ፦ 6-14-21። ሰዓት ጠጋኞች የሠሩበትን ቀን እንዲህ ክዳኑ ውስጥ ይጭሩ ነበር። ጁን 14 ቀን 1921 አንድ ሰው ይህን ሰዓት ከፍቶ አጽድቶ ዘግቷል።

ችግሩ 992 መሠራት የጀመረው በ1903 መሆኑ ነው። በ1901 ይህ ሰዓት በዓለም ላይ አልነበረም። ሴሪያል ቁጥሩን ስንፈልግ ደግሞ ከ1910 በኋላ ወሰደን። ቀፎውም ጭረቱም ከዚያ ጋር ይስማማሉ።

ለሽማግሌው እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። የአባት ነገር ነው። ግን ማጉያውን ሰጥቼ እሳቸው እኔን እንዳስተማሩኝ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ብዙ ደቂቃ አልተናገሩም። ከዚያ ፈገግ አሉ። «እናቴ ሁሌ ታነሳበት ነበር» አሉ። «ሁለት ጊዜ ሰዓት ገዛ፣ ሁለቱንም ከደሞዙ እየተቆረጠ፣ ትለው ነበር። ሁለተኛውን ለምን እንደገዛ አሁን ገባኝ። የመጀመሪያውን ተቆጣጣሪው አልቀበል ብሎት ይሆናል።» በ1908 አካባቢ ደንቡ ሲጠብቅ ሰዓት የቀየሩ ባቡረኞች ብዙ ነበሩ።

እኔ ሰዓት ከመረመርኩ በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ወረቀት እጽፋለሁ፦ ፋብሪካ፣ ደረጃ፣ መጠን፣ ጁውል፣ የማሽን ቁጥር፣ የቀፎ ምልክት፣ ዓመቱ አካባቢ፣ ማን ይዞት እንደነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ከሰዓቱ ጋር ይቀመጥ። ያን ቀን ግን የመጨረሻውን መስመር ሽማግሌው ራሳቸው መጻፍ ፈለጉ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ «የአባቴ። ሁለተኛው ሰዓቱ» ብለው ጻፉ። ወረቀቱ ዛሬም ከሰዓቱ ጋር ካልሲው ውስጥ አለ፤ ልጃቸው ይዛዋለች።